ውዝፉ ከየትኛው ቀን ይቆጠራል?

ደብዳቤው ብዙ ገጽ አለው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በአንድ አፓርትመንት የኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። አባትየው ለረጅም ዓመታት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ ነድተው ቤተሰብ ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ ብዙ መቀመጥ ስለማይችሉ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ቆመዋል። ልጃቸው በእንግሊዝኛ እያነበበች በአማርኛ ትነግራቸዋለች፦ ወርሃዊው ክፍያ ስንት እንደሆነ፣ መቼ ባንክ እንደሚገባ፣ ለጠበቃው ስንት እንደተያዘ። እርሳቸው ግን ገና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ናቸው።

«እስቲ እሱን ድገሚልኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው የሚለው?»

«ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ይላል፣ አባዬ።»

«እኔ ሥራ ያቆምኩት እኮ በ2022 ማርች ላይ ነው! ዶክተሩም የጻፈው ይኸንኑ ነው። የቀረውን ማን በላው?»

ልጅቷ መልስ ስላልነበራት ፖስታውን ገልብጣ ጀርባው ላይ የወራቱን ስም በተርታ መጻፍ ጀመረች።

አሜሪካ ባለው ሐበሻ መካከል «ዲሰብሊቲ ጸደቀለት» ሲባል፣ ከወርሃዊው ክፍያ በፊት የሚወራው በአንድ ጊዜ ስለሚገባው ውዝፍ ነው። ባክ ፔይ ይሉታል። እገሌ ሠላሳ ሺህ ገባለት፣ እገሊት ግን አራት ሺህ ብቻ ደረሳት ይባላል። ሰሚው አንዱን ዕድለኛ፣ ሌላዋን የተበደለች አድርጎ ያስባል። የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ግን ውዝፉን የሚያሰላው በቀን መቁጠሪያ ነው፤ ወር መቁጠር የሚችል ሁሉ ቁጭ ብሎ ሊያሰላው ይችላል። ሰዎቻችን ገንዘብ የሚያጡት በአብዛኛው መሥሪያ ቤቱ ሲዘገይ አይደለም፤ ራሳቸው ሲዘገዩ ነው። ይህ ጽሑፍ የተጻፈውም ስለዚህ መዘግየት ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ገንዘቡ የማን እንደሆነ እንወቅ። ለሠራተኞች የሚከፈለው የአካል ጉዳት ክፍያ፣ በምህጻሩ ኤስኤስዲአይ፣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በኦገስት 1956 በፈረሙት ሕግ የቆመ ኢንሹራንስ ነው። ተቀጣሪ ከደመወዙ 6.2 በመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲ ይቆረጥበታል፤ አሠሪውም ያንኑ ያህል ያዋጣል። ከዚህ ውስጥ በእያንዳንዱ 100 ዶላር ደመወዝ ላይ ከሠራተኛው 90 ሳንቲም፣ ከአሠሪውም 90 ሳንቲም ወደ አካል ጉዳት ፈንድ ይገባል። በግሉ የሚሠራ ሰው፣ ለምሳሌ የታክሲና የኡበር ነጂ፣ የሁለቱንም ድርሻ ራሱ ይከፍላል። ስለዚህ ክፍያውን የሚጠይቅ ሰው እጁን ለምጽዋት አልዘረጋም። ለዓመታት ሲያዋጣ የኖረው እድር የሚደርስለት ቀን ደርሶበታል።

እዚህ ላይ የግል ሥራ የሚሠሩ ወገኖቼን የሚመለከት፣ ሳልናገረው ማለፍ የማልችለው ነገር አለ። ኢንሹራንሱ የሚሠራው ለግብር መሥሪያ ቤት በተነገረ ገቢ ላይ ብቻ ነው። በጥቅሉ 40 የሥራ ክሬዲት ያስፈልጋል፤ ከእነዚህም 20ዎቹ ሰውየው ከመታመሙ በፊት በነበሩት 10 ዓመታት ውስጥ የተገኙ መሆን አለባቸው። በዓመት የሚገኘው ከአራት አይበልጥም፤ በዕድሜ ወጣት ለሆነ ሰው ቁጥሩ ያንሳል። ነዳጁን፣ ጥገናውንና ኪራዩን ሁሉ ደምሮ የተጣራ ገቢውን በየዓመቱ ወደ ዜሮ የሚያስጠጋ ነጂ በዚያ ዓመት ግብር ያተርፍ ይሆናል፤ ክሬዲት ግን አያገኝም። ወገቡ የተቆረጠ ቀን ፋይሉ ሲከፈት ባዶ ይሆናል። ከአሥር ሰዓት በላይ መሪ ጨብጦ ሲውል የኖረ ሰው «መድን የለህም» ተብሎ ሲመለስ ማየት ያማል።

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት ግን ግብራቸውን በሥርዓት ሲከፍሉ ስለኖሩ መድኑ ነበራቸው። ጥያቄያቸው የቀን ነው፤ እኛም እንደ ልጃቸው ወራቱን እንቁጠር።

ሕጉ ሁለት ቦታ ላይ ይቆርጣል። የመጀመሪያው የአምስት ወር መጠበቂያ ነው። ሰውየው መሥራት ካቃተው ቀን በኋላ ያሉ አምስት ሙሉ ወራት ያለ ክፍያ ያልፋሉ። ማርች አጋማሽ ላይ ሥራ ላቆመ ሰው ማርች ሙሉ ወር ስላልሆነ አይቆጠርም፤ ኤፕሪል፣ ሜይ፣ ጁን፣ ጁላይና ኦገስት መጠበቂያ ይሆናሉ። መብቱ የሚጀምረው በሴፕቴምበር 2022 ነው። ይህ መጠበቂያ ቀድሞ ስድስት ወር ነበር፤ በ1972 ወደ አምስት ዝቅ አለ። ኤኤልኤስ ለሚባለው ጡንቻን ሽባ ለሚያደርግ የነርቭ በሽታ በ2020 በወጣ ሕግ ተነሥቷል። ከዚያ ውጪ ያለ ሰው፣ ካንሰርም ቢይዘው፣ በኤስኤስዲአይ በኩል በጥቅሉ እነዚያን አምስት ወራት አያገኛቸውም።

የእኛን ሰው በይበልጥ የሚጎዳው ሁለተኛው መቁረጫ ነው። መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻው ከገባበት ወር ወደ ኋላ ከ12 ወር በላይ አይከፍልም። አባትየው ያመለከቱት በጃንዋሪ 2024 ነው። ከዚያ 12 ወር ወደ ኋላ ሲቆጠር ጃንዋሪ 2023 ላይ ይደርሳል፤ ደብዳቤው ላይ የተጻፈውም ይኸው ነው። ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር 2022 ያሉት አራት ወራት መብታቸው ሆነው ሳለ ባለማመልከታቸው ቀርተዋል። እስከ ሴፕቴምበር 2023 ድረስ አመልክተው ቢሆን ኖሮ አንድም ወር ባልጎደለባቸው ነበር።

ለምን ዘገዩ? ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ይሻለኛል ብዬ ነዋ። መጀመሪያ ፊዚካል ቴራፒ ሞከርኩ፤ ከዚያ ጠበል ሄድኩ። ደግሞስ በዚህ ዕድሜዬ መንግሥት ጡረኝ ብዬ እንዴት ልጻፍ? ሰውስ ምን ይላል?» ይህን መልስ ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። ተስፋና ይሉኝታ አንድ ላይ ሲመጡ ሰውን ዓመት ያስቀምጡታል። ጠበሉም ተስፋውም አይቅር፤ ማመልከቻው ግን ጎን ለጎን ይግባ። የተሻለው ሰው ወደ ሥራው መመለስ ይችላል።

አሁን ስሌቱ። አባትየው ትክክለኛው መጠን እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ወርሃዊው ክፍያ 1,400 ዶላር ነው እንበል፤ በየዓመቱ ለኑሮ ውድነት የሚጨመረውንም እንተወው። ውሳኔው የወጣው በጁን 2025 ነው። የአንድ ወር ክፍያ በሚቀጥለው ወር ስለሚከፈል፣ ከጃንዋሪ 2023 እስከ ሜይ 2025 ያሉት 29 ወራት ውዝፍ ናቸው፤ 40,600 ዶላር ይሆናሉ። የቀሩት አራት ወራት ዋጋ 5,600 ዶላር ነው። ልጅቷ ይህን ቁጥር ፖስታው ላይ ጽፋ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ከዚህ ስሌት አንድ ነገር ይገኛል። ከማመልከቻው በኋላ ያለው መጓተት ሰውን በኑሮ ያጎሳቁላል፤ ውዝፉን ግን አይቀንስበትም። መሥሪያ ቤቱ ዓመትም ቢፈጅ ወራቱ እየተጠራቀሙ ይቆያሉ። ውዝፍ የሚጠፋው ጉዳዩ ውድቅ ሲሆን አመልካቹ ይግባኙን ትቶ እንደ አዲስ ሲያመለክት ነው። መጀመሪያ ላይ ውድቅ መደረግ የተለመደ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ግን ደብዳቤውን ሲያይ ተስፋ ቆርጦ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፤ ከዓመት በኋላ ጓደኛ ሲጎተጉተው አዲስ ማመልከቻ ያስገባል። የድሮው ቀን በአብዛኛው በዚያው ይቀራል፤ አሥራ ሁለቱ ወራትም ከአዲሱ ቀን ወደ ኋላ ይቆጠራሉ። ይግባኝ ለማለት የሚሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ደብዳቤው በአምስት ቀን ይደርሳል ተብሎ ስለሚገመት ያም ይታሰባል። መጀመሪያ ዳግም እይታ አለ፤ ቀጥሎ ዳኛ ፊት የሚቀረብበት ሂሪንግ፤ ከዚያ የይግባኝ ምክር ቤት፤ በመጨረሻም የፌዴራል ፍርድ ቤት። በእያንዳንዱ ደረጃ 60 ቀኑን የጠበቀ ሰው የመጀመሪያውን ቀኑን ይዞ ይሄዳል።

በሂሪንጉ ላይ ደግሞ ሌላ ቀን ይመጣል፦ ሕመሙ ሥራ መሥራት የከለከለበት ቀን። አመልካቹ ማርች 2022 ቢልም ዳኛው የሚያምነው የሕክምና መዝገብን ነው። እስከ ጁን 2023 አጋማሽ ድረስ የሐኪም ወረቀት ከሌለ፣ ዳኛው «መታመምህን አምናለሁ፤ ግን ከጁን 2023 ጀምሮ ነው» ሊል ይችላል። ያኔ አምስቱ ወራት ከጁላይ እስከ ኖቬምበር ይሆናሉ፤ ክፍያው ከዲሴምበር 2023 ይጀምራል፤ ውዝፉም 18 ወር፣ 25,200 ዶላር ይሆናል። በዚያው ሰው፣ በዚያው ሕመም ላይ 15,400 ዶላር ጎደለ ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ከሂሪንጉ በፊት ወይም እዚያው ቀኑ ወደ ፊት እንዲገፋ ሐሳብ ይቀርባል፤ «ይህን ቀን ከተቀበልክ ይጸድቅልሃል» ይባላል። ማስረጃው ሲሳሳ መስማማቱ ብልህነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ስንት ወር እንደሚያስቀር ሳይቆጥሩ እሺ ማለት አይገባም። የጸደቀለት ሰውም ቀኑ ተሳስቷል ካለ በዚያ ላይ ብቻ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ይግባኙ ግን ጉዳዩን በሙሉ ሊያስከፍተው ስለሚችል በቅድሚያ ከጠበቃ ጋር መመካከር ያሻል።

ስለዚህ ሕመም የጀመረው ሰው መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ለሐኪሙም ሁሉንም ይናገር። እኛ ሐኪም ፊት ስንቀርብ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ይቀናናል። ነርሷም «ታካሚው ደህና ነኝ ብሏል» ብላ ትመዘግባለች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያ አንድ መስመር ዳኛ ፊት ይነበባል። ለስንት ደቂቃ መቆም እንደሚቻል፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ሕመሙ እንደሚቀሰቅስ፣ ልብስ ማን እንደሚያለብስ ካልተነገረ በመዝገቡ ላይ የለም፤ በመዝገቡ ላይ የሌለ ደግሞ ዳኛው ዘንድም የለም። እየታገሉ ጥቂት የሠሩ ሰዎችም ይህ ይመለከታቸዋል። በ2025 ከታክስ በፊት በወር ከ1,620 ዶላር በላይ ያገኘ ሰው በመሠረቱ መሥራት ይችላል ተብሎ ይታይ ነበር። ይሁንና ሞክሮ በሕመሙ ምክንያት በስድስት ወር ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ያቆመው ሥራ እንዳልተሳካ ሙከራ ሊቆጠርለት ይችላል፤ ይህን ለማስረዳት ያቆመበትን ምክንያት የሚያሳይ ወረቀት መያዝ ይጠቅማል።

ጠበቃ ብዙ ሰው የሚያስፈራው ቢሆንም አሠራሩ ግልጽ ነው። በተለመደው ውል መሠረት ጉዳዩ ካልጸደቀ ክፍያ የለም። ከጸደቀ ከውዝፉ 25 በመቶ፣ ወይም በሕግ የተቀመጠው ጣሪያ፣ ከሁለቱ ያነሰው ይከፈላል። ጣሪያው በኖቬምበር 30 ቀን 2024 ወደ 9,200 ዶላር ከፍ ብሏል። በምሳሌያችን 25 በመቶው 10,150 ስለሚሆን ጠበቃው 9,200 ይወስዳል፤ ለባለቤቱ 31,400 ይተርፋል። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ቀንሶ ለጠበቃው ስለሚልክ አመልካቹ ቼክ አይጽፍም። የሕክምና መዝገብ ለማስመጣት የወጣ ወጪ ግን ለብቻው ሊጠየቅ ይችላል። ከዚህ ሥርዓት ውጪ «ቅድሚያ ክፈለኝ፤ በውስጥ መስመር አስጨርስልሃለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ፣ የአገራችሁ ልጅም ቢሆን፣ ተለዩት።

ከውዝፉ ጋር ሳይታሰቡ የሚመጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ነው። የኤስኤስዲአይ ተከፋይ ሜዲኬር የሚያገኘው በጥቅሉ መብቱ ከጀመረ ከ24 ወር በኋላ ሲሆን፣ ቆጠራው ከውሳኔው ቀን ሳይሆን ከመብቱ ወር ይነሣል። አባትየው ከጃንዋሪ 2023 ስለተቆጠረላቸው ደብዳቤው በደረሰበት ወር የሜዲኬር መብታቸው ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ደርሶ ነበር። ሁለተኛው የልጆች ድርሻ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ የቤተሰቡ ጣሪያ እስከሚፈቅደው፣ ከወላጁ ክፍያ እስከ ግማሽ ያህል ሊያገኝ ይችላል፤ ውዝፍም አለው። በማመልከቻው ላይ ልጆቹን ያልጠቀሰ ሰው ይህን ሊያጣ ይችላል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ ኢንሹራንሱ ነው። በአካል ጉዳተኝነትና በድህነት ላይ የተመሠረተው ኤስኤስአይ ፈጽሞ በሌላ ሥርዓት ይሄዳል። ኒክሰን በ1972 የፈረሙት፣ ክፍያው በጃንዋሪ 1974 የተጀመረ ፕሮግራም ነው፤ የሥራ ክሬዲት አይጠይቅም። የአምስት ወር መጠበቂያ የለውም፤ በአንጻሩ ከማመልከቻው በፊት ላለ ጊዜ አንድም ሳንቲም አይከፍልም። የሚጀምረው ካመለከቱበት ወር ቀጥሎ ባለው ወር ነው። በኤስኤስዲአይ አሥራ ሁለት ወር ይቅር የሚለው ሕግ እዚህ የለም፤ የዘገየ ወር ሁሉ የጠፋ ወር ነው። የአረንጓዴ ካርድ ባለቤቶች ላይ ብርቱ ገደብ እንዳለም ይታወቅ፦ ከ1996 ሕግ ወዲህ በአብዛኛው 40 ክሬዲት ይጠየቃሉ፤ ስደተኛና ጥገኝነት ያገኘ ሰው ዜግነት ካልወሰደ ክፍያው በሰባት ዓመት ይገደባል።

አሌክሳንድሪያ የምትኖር አንዲት እናት ኦቲዝም ላለበት ልጇ ኤስኤስአይ ጸድቆላት ሁለት የባንክ ወረቀት አሳየችኝ። በአንደኛው ወርሃዊው ክፍያ ይገባል። በሁለተኛው ያለው ውዝፉ ነው፤ በልጁ ስም የተከፈተ ልዩ አካውንት ነው። «ገንዘቡ አለ፤ ግን ኪራይ ልክፈልበት ብል አልችልም» አለችኝ። እውነቷን ነው። የልጅ ውዝፍ ከከፍተኛው ወርሃዊ ክፍያ ስድስት እጥፍ ከበለጠ ልዩ አካውንት ውስጥ ይገባል፤ የሚወጣውም ለሕክምና፣ ለትምህርት፣ ከጉዳቱ ጋር ለተያያዘ ቴራፒ፣ ለመሣሪያ ወይም ቤቱን ለልጁ እንዲመች ለማስተካከል ነው። ደረሰኞቹን በፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ በወር በወር ለይታ አስቀምጣለች፤ የንግግር ቴራፒው፣ ታብሌቱ፣ የመኪናው ልዩ መቀመጫ። ወኪል ሆኖ የልጅ ገንዘብ የሚይዝ ሁሉ እንደ እርሷ ቢያደርግ ደግ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ይጠይቃል።

የአዋቂ ኤስኤስአይ ውዝፍ ደግሞ ሲበዛ በአንድ ጊዜ አይሰጥም። በ2025 ከፍተኛው የፌዴራል ክፍያ ለአንድ ሰው 967 ዶላር ነበር፤ ውዝፉ የከፍተኛውን ክፍያ ሦስት እጥፍ፣ በ2025 ስሌት 2,901 ዶላር፣ ከደረሰ በስድስት ስድስት ወር ልዩነት እስከ ሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ ይመጣል። የቤት ኪራይ፣ የምግብ ወይም የሕክምና ዕዳ ያለበት ሰው ማስረጃ አቅርቦ የመጀመሪያዎቹ ክፍያዎች ከፍ እንዲሉለት መጠየቅ ይችላል፤ ይህን ግን ራሱ ካልጠየቀ የሚነግረው ላያገኝ ይችላል። ከስቴቱ ጊዜያዊ እርዳታ ሲወስድ የቆየ ሰው ከሆነም፣ ስቴቱ የሰጠውን ከውዝፉ ላይ ቀድሞ ሊወስድ ይችላል።

የኤስኤስአይ ተከፋይ ከ2,000 ዶላር በላይ፣ ባልና ሚስት ከሆኑ ከ3,000 በላይ፣ ጥሪት መያዝ አይችሉም። ይህ ቁጥር ከ1989 ጀምሮ አልተነቃነቀም፤ በእኔ እምነት አሳፋሪ ነው። ውዝፍ ሆኖ የገባ ገንዘብ ለዘጠኝ ወር ከዚህ ቆጠራ ነጻ ነው። በአሥረኛው ወር ከገደቡ በላይ ባንክ ውስጥ ካለ ወርሃዊው ክፍያ ይቆማል። ያን ጊዜ «በወንድሜ ስም ላድርገው» ማለት ይመጣል፤ ለመደበቅ ያለ ዋጋ የተላለፈ ጥሪት እስከ 36 ወር ከክፍያ ሊያስወጣ ይችላል። የሚሻለው በዘጠኙ ወር ውስጥ ዕዳ መክፈል፣ መኪና መጠገን፣ ጥርስ መታከም ነው። ጉዳታቸው ከ46 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመረ ሰዎች፣ ከጃንዋሪ 2026 ወዲህ፣ ገንዘቡን ከዚህ ቆጠራ ውጪ ለማስቀመጥ ኤብል የሚባለውን የቁጠባ አካውንት መክፈት ይችላሉ።

ውዝፍ ሲገባ ብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ አገር ቤት ደርሶ መምጣት ነው። የኤስኤስአይ ተከፋይ ከአሜሪካ ውጪ 30 ተከታታይ ቀን ከቆየ ክፍያው ይቆማል፤ ተመልሶም ሌላ 30 ቀን ካልቆየ አይቀጥልም። በኤስኤስዲአይ አሜሪካዊ ዜጋ የሆነ ሰው ኢትዮጵያ ተቀምጦም መቀበል ይችላል፤ ዜጋ ያልሆነ ግን ስድስት ወር ሲሞላው ሊቆምበት ይችላል። ግብርም አለ፦ ኤስኤስአይ አይታክስም፤ ኤስኤስዲአይ ግን ሊታክስ ይችላል። የሦስት ዓመት ውዝፍ በአንድ ዓመት ሲገባ ገቢን ስለሚያሳብጥ፣ ገንዘቡ በየዓመቱ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ይታክስ እንደነበር ማስላት ይፈቀዳል፤ የታክስ ባለሙያችሁ ይህን ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት።

ጉዳዩ ሳያልቅ አመልካቹ ሊሞት ይችላል፤ በማኅበረሰባችን ውስጥም ደርሷል። ቤተሰቡ «እርሱ ከሌለ ምን ያደርግልናል» ብሎ ወረቀቱን ይጥላል። የኤስኤስዲአይ ውዝፍ ግን አይሞትም፤ በሕጉ ተራ መሠረት ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጆች ወይም ለወላጆች ሊደርስ ይችላል። የኤስኤስአይው ጠባብ ነው፤ አብሮ ይኖር ለነበረ የትዳር ጓደኛ ወይም ለሟች ሕፃን ወላጆች ብቻ ነው። ለቅሶው ሲበርድ ጉዳዩን እንደምትቀጥሉበት ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ አሳውቁ።

አሁን ታመው ቤት የተቀመጡ፣ «ነገ አመለክታለሁ» የሚሉ ሰዎች ሙሉ ማስረጃ እስኪሰበስቡ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ለኤስኤስአይ ደውሎ ማመልከት እፈልጋለሁ ማለት ብቻ ቀኑን ሊያስይዝ ይችላል፤ ማመልከቻው በተሰጠው 60 ቀን ውስጥ ከተሟላ የሚቆጠረው የደወሉበት ቀን ነው። ለኤስኤስዲአይ በጽሑፍ ማሳወቅ ወይም ቅጹን በኢንተርኔት መጀመር ያስፈልጋል፤ ለመጨረስ እስከ ስድስት ወር ይሰጣል። የደወሉበትን ሰዓትና ያነጋገሩትን ሠራተኛ ስም ይጻፉ። ስልኩ 1-800-772-1213 ነው። የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ መሥሪያ ቤቱ በነጻ ያቀርባል፤ ልጅን ለማስተርጎም ከትምህርት ቤት ማስቀረት አያስፈልግም።